ለሙቀት መንገድ የሚከፍቱ እጆች

ከዓባይ ድልድይ ተነስቶ ወደ ደጀን አፋፍ የሚወጣ አሮጌ የኤንትሬ ጭነት መኪና፣ ተሳቢውን አስከትሎ በከባድ ማርሽ ሲያቃስት ላየው ሰው የጉልበት ትርኢት ነው። ጭሱ ይታያል፣ ድምፁ ገደሉን ያናውጣል፣ ጎማው አስፋልቱን ነክሶ ይይዛል። ትልቁ ሥራ የሚካሄደው ግን ዓይን በማያርፍበት ቦታ፣ ከፊት ፍርግርጉ ጀርባ ነው። እዚያ ውሃና ነፋስ በስስ የናስና የመዳብ ግድግዳ ተለያይተው ይተላለፋሉ፤ ውሃው ከሞተሩ ተሸክሞ ያመጣውን ሙቀት ለነፋሱ ያስረክባል። ርክክቡ ከተቋረጠ ያ ሁሉ ጉልበት በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን መብላት ይጀምራል።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ርክክብና ርክክቡን በእጃቸው ስለሚያስተካክሉ ባለሙያዎች ነው። ያረጀ የናፍጣ ሞተር በከባድ ጭነት ሥር ሳይግል እንዲሠራ የሚያደርግ ተአምረኛ ዕቃ ገበያ ላይ ሲፈለግ አያለሁ፦ ትልቅ ቬንትሌተር፣ ሌላ ራዲያተር፣ በጠርሙስ የሚሸጥ ፈሳሽ። ደጋግሜ ያየሁት እውነት ግን ቀላልና አድካሚ ነው። ሙቀቱ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ተነስቶ አየር ላይ እስኪበተን የሚሄድበት መንገድ አለ፤ መንገዱን የሞተሩ ሠሪዎች ድሮውኑ አስበው አበጅተውታል። የጥሩ ባለሙያ ሥራ በዘመን ብዛት የጠበበውን፣ የተደፈነውንና የላላውን አንድ በአንድ ፈልጎ ያንን መንገድ መልሶ መክፈት ነው።

የአገራችን የጭነት መስመር ለሞተር የተለየ ፈተና ያቀርባል። ወደቡ ባሕር ጠለል ላይ፣ ገበያው ደጋ ላይ ነው። ትናንት ከአሰብ፣ ዛሬ ከጅቡቲ የሚነሳው ማዳበሪያ፣ ብረትና ስንዴ የቆላውን ሐሩር አቋርጦ ከ2,000 ሜትር በላይ ሽቅብ መውጣት አለበት፤ ስለዚህ መኪናው በጣም የሚከብደው ዳገቱን በሚጋፈጥበት ጉዞ ነው። በረሃው ላይ አየሩ ራሱ ትኩስ ስለሆነ የራዲያተሩን ሙቀት ለመቀበል ይሰንፋል። ደጋው ላይ አየሩ ይቀዘቅዛል፤ ነገር ግን ይሳሳል። 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቬንትሌተሩ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚስበው አየር ክብደቱ ያነሰ ነው፤ የሚወስደው ሙቀትም እንዲሁ። ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ የሚተነፍሰው አየር በሩብ ይጎድልበታል፤ ናፍጣው በልኩ ካልተቀነሰለት ትርፉ ጭስና ግለት ይሆናል።

ፊያት 682 ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። ኤንትሬ የምንለው በ1960ዎቹ የተከተለው ሞዴል፣ በተርታ የቆሙ ስድስት ሲሊንደሮችና ከ11 ሊትር በላይ ይዘት ያለው፣ አየሩን ያለ ቱርቦ የሚስብ ሞተር ነበረው። ጣልያኖች የአፍሪካ ንጉሥ እያሉ የሚያወድሱት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ብረቱ ወፍራም፣ ዙሩ ዝግ ያለ፣ ክፍሉ ሁሉ በመፍቻ የሚደረስበት ነው። በእንዲህ ያለ ሞተር ውስጥ የማቀዝቀዣው አካል በሙሉ ይከፈታል፣ ይጸዳል፣ ይጠገናል። የእጅ ባለሙያ ጥበብ ቦታ ያገኘውም በዚህ ምክንያት ነው።

ራዲያተሩ ምን ያህል ሸክም እንዳለበት በግርድፉ እናስላ። ጭነቱንና ተሳቢውን ጨምሮ 30 ቶን የሚመዝን መኪና ከዓባይ ድልድይ እስከ አፋፉ፣ በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ 1,400 ሜትር ያህል ከፍታ ይወጣል። ክብደቱን ሽቅብ ለማንሳት ብቻ ከ400 ሚሊዮን ጁል በላይ ሥራ ያስፈልጋል። የናፍጣ ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ወደ ሥራ የሚለውጠው ሲሶ ያህሉን ነው፤ ሌላው ሲሶ በጭስ ማውጫው ይሄዳል፤ ከቀረው አብዛኛው በውሃው በኩል መውጣት ይኖርበታል። በሌላ አነጋገር፣ ጎማውን ከሚያዞረው ጉልበት ጋር የሚቀራረብ ሙቀት በእነዚያ ስስ የናስ ቱቦዎች ማለፍ አለበት። በአንድ ዳገት፣ በአንድ ሰዓት ግድም ውስጥ፣ አምስት ባለ 200 ሊትር በርሜል ቀዝቃዛ ውሃ ማፍላት የሚችል ሙቀት ነው። በሞተሩና በራዲያተሩ ውስጥ ያለው ውሃ ግን ከአንድ በርሜል እጅግ ያነሰ ነው። ያው ውሃ ያለ ዕረፍት እየዞረ ደጋግሞ መጫን፣ ደጋግሞም ማራገፍ አለበት። ከመንገዱ አንድ ቦታ ቢጠብ ሙቀቱ የሚጠራቀምበት ትርፍ ቦታ የለም።

ይህን ይዘን ወደ ራዲያተር ሠሪው ቤት እንግባ። መርካቶ ዙሪያ ካሉት ጠባብ ቤቶች በአንዱ የሚሠራ አንድ አንጋፋ ባለሙያ አለ፤ ሥራውን ቆሞ መመልከት ለእኔ ትልቅ ደስታ ነው። ደንበኛ ሲመጣ ቶሎ መፍቻ አያነሳም። መኪናው በቆመበት፣ ሞተሩ ሳይጠፋ እንደሞቀ፣ መዳፉን ከራዲያተሩ ፊት አስጠግቶ ከላይ ወደ ታች፣ ከቀኝ ወደ ግራ ቀስ ብሎ ያንቀሳቅሰዋል። ውሃ የሚያልፍበት ቦታ ይሞቃል፤ የተደፈነ ቱቦ ያለበት ቦታ ቀዝቀዝ ይላል። በዚህ አኳኋን ራዲያተሩን ሳይፈታ የበሽታውን ካርታ በመዳፉ ያነባል። ከዚያ ሾፌሩን ይጠይቃል፦ «ዳገቱን ስትጀምር ነው የሚሞቀው ወይስ ስታጋምስ? ሜዳ ላይስ?» ዳገት ላይ ብቻ የሚሞቅና ሜዳ ላይም የሚሞቅ መኪና ሕመማቸው አንድ አይደለም። በዳገት ዝግ ብሎ ሲወጣ የሚሞቅ ከሆነ ወደ ራዲያተሩ የሚደርሰው ነፋስ በቬንትሌተሩ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ጥርጣሬው ወደዚያ ያዘነብላል። በፍጥነት ሲነዳም የሚሞቅ ከሆነ ነፋስ ሞልቶ ሳለ ነውና ችግሩ ከውሃው መንገድ ይፈለጋል።

ራዲያተሩ ወርዶ ጠረጴዛ ላይ ሲጋደም የላይኛው ታንክ ይከፈታል። በጋዝ ችቦ የስፌቱን ዙሪያ ያሞቀዋል፤ ነበልባሉ አንድ ቦታ አይቆምም፣ ይሄዳል ይመለሳል። የቆርቆሮና የእርሳሱ ቅልቅል ፈክቶ ሲያበራ ታንኩን በእንጨት መዶሻ ነካ ነካ አድርጎ ያነሳዋል። ከሥሩ የቱቦዎቹ አፎች በረድፍ ተደርድረው ይታያሉ። እያንዳንዱ ጠፍጣፋ ነው፤ ወርዱ 1 ሴንቲሜትር ተኩል ገደማ፣ ክፍተቱ ሁለትና ሦስት ሚሊሜትር፣ የግድግዳው ውፍረት ደግሞ ከሚሊሜትር አንድ አምስተኛ አይደርስም። የሠላሳ ቶኑ መኪና ዕጣ የተንጠለጠለው በዚህ ስስ ግድግዳ ላይ ነው።

እዚህ ላይ የምወደው መሣሪያ ይመጣል፦ ረጅም፣ ጠፍጣፋ፣ የሚተጣጠፍ የብረት ዘንግ። ባለሙያው ራሱ ነው የሠራው። ወርዱ ከቱቦው በጥቂቱ እንዲያንስ በሞረድ ተሞርዷል፤ ጫፉ እንዳይወጋ ተደርጎ ክብ ሆኗል፤ ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት ታሽቶ ለስልሷል። ሹል ጫፍ ያለው ዘንግ ቱቦውን ይበሳል፤ በጣም የጠበበ ዘንግ በደለሉ መሀል ቁልቁል ወርዶ ግድግዳው ላይ የተጋገረውን ትቶ ይወጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ልክ በመጽሐፍ አልተጻፈም፤ በዘንጉ ላይ ተሞርዶ ይገኛል።

ራዲያተሩ አስቀድሞ በኮስቲክ ሶዳ ሙቅ ውሃ ተነክሮ ቅርፊቱ ለዝቧል። ዘንጉ ሲገባ መጀመሪያ ይንሸራተታል፤ ከዚያ ይይዛል። ባለሙያው አይገፋም። በሁለት ጣቱ ይዞ ጥቂት ያነሳዋል፣ ይመልሰዋል፣ እንደገና ያነሳዋል። ቅርፊቱ ሲሰበር ደቃቅ የመሸርከት ድምፅ ይሰማል፤ ዘንጉ ትንሽ ይሰምጣል፤ ሌላ ቅርፊት ያገኛል። ዘንጉን ሲያወጣው ጫፉ ላይ የቀረውን ዱቄት ጣቱ ላይ አብሶ ያየዋል። ነጣ ያለ ከሆነ ከምንጭና ከወንዝ የተቀዳ ውሃ የተወው ኖራ ነው። ቀይ ከሆነ የሞተሩ ብረት ዝጎ እየተቆረሰ መምጣቱ ነው። ቅባት ካለበት ዘይት ወደ ውሃው እየገባ ነውና ሾፌሩ ራዲያተሩን ትቶ ስለ ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) እና ስለ ጓርኒሲዮኑ (የክዳኑ ማሸጊያ) መጨነቅ አለበት። አንድ ቱቦ እስኪጸዳ ድረስ ዘንጉ ብዙ ጊዜ ይመላለሳል፤ ከዚያ ቀጣዩ፣ ከዚያ ቀጣዩ። ራዲያተሩ ውስጥ መቶና ከዚያ በላይ ቱቦ ሊኖር ይችላል፤ አንዱም አይዘለልም።

የዚህ ትጋት ጥቅም በቁጥር ይገለጻል። የኖራ ቅርፊት ሙቀት የማሳለፍ ችሎታው ከብረት ከሃያ እጥፍ በላይ ያንሳል። በሞተሩ ውስጥ በሲሊንደሩ ዙሪያ የተጋገረ 1 ሚሊሜትር ኖራ፣ ግድግዳው ላይ ከ2 ሴንቲሜትር በላይ ተጨማሪ ብረት እንደ መለጠፍ ያህል ሙቀቱን ያግደዋል። ስስ በሆነው የናስ ቱቦ ላይ ሲጋገር ደግሞ ሁለት ጥፋት አለው፦ ሙቀቱን ያግዳል፣ የውሃውንም መተላለፊያ ያጠባል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ቱቦ ላይ የሚጠፋው ጊዜ ዳገቱ ላይ ተመልሶ የሚገኝ ጊዜ ነው።

ጽዳቱ ሲያበቃ የፍሰት ፈተና ይከተላል። ባለሙያው የታችኛውንም ታንክ አንስቶ ውሃ ከላይ በእኩል ያፈስበትና ጎንበስ ብሎ ከሥር ያያል። ጤነኛ ቱቦ ቀጥ ያለ፣ የማይቆራረጥ ውሃ ይለቃል። የሚያንጠባጥብ ካለ በኖራ ጠመኔ ምልክት አድርጎ ይመለስበታል። ከመጠን በላይ የተበላና የማይድን ቱቦ ሲያጋጥም ሁለቱን ጫፍ መድፈን ይቻላል፤ ፈጣንና ርካሽ ነው። ነገር ግን የተደፈነ ቱቦ ሁሉ ከራዲያተሩ ገላ ላይ የተቀነሰ ስፋት ነው። ይህ ባለሙያ አንድ ሁለት ቱቦ ይደፍናል፤ ከዚያ ካለፈ ግን ለባለቤቱ በግልጽ ይነግረዋል፦ «አይፈስም፤ ግን ዳገት አያወጣህም።» የማይፈስ ራዲያተርና የሚያቀዘቅዝ ራዲያተር አንድ አለመሆናቸውን አውቆ፣ ገቢ ሊያመጣለት የሚችለውን ዝምታ የሚተው ሰው ሙያውን ያከበረ ሰው ነው።

ብየዳው የራሱ ውበት አለው። ናስና መዳብ ሙቀት ስለሚያሰራጩ አንዱን ስፌት ሲያሞቁ ጎረቤቱ ይቀልጣል፤ የቆርቆሮና የእርሳስ ቅልቅል በ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መለስለስ ይጀምራልና። ስለዚህ ባለሙያው የሚሠራበትን ቦታ ብቻ ክፍት ትቶ ዙሪያውን በእርጥብ ጨርቅ ይሸፍናል። መጋጠሚያው እስኪያበራ ይፋቃል፣ ዚንክ ተጨምሮበት የበረደው አሲድ ይቀባል፣ ከዚያ ስስ የቆርቆሮ ልብስ ይለብሳል። የቀለጠው ቅልቅል ንጹሕና በልኩ የሞቀ ብረት ካገኘ በራሱ ፈቃድ ወደ ስንጥቁ ይሳባል፤ ከቆሸሸ ግን ተንከባሎ ይሸሻል። ጥሩ ስፌት የሚታወቀው በስስነቱ ነው። ጠርዙ ወደ ናሱ እየሳሳ ሄዶ የት እንዳበቃ አይለይም። እላዩ ላይ የተቆለለ ወፍራም እርሳስ የሚያሳየው ያልገባ ብየዳ ነው፤ ዳገት ላይ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ የሚላቀቀው እሱ ነው።

መጨረሻ ላይ አፎቹ በጎማ ይዘጉና ራዲያተሩ በውሃ ገንዳ ውስጥ ተነክሮ በመጠኑ አየር ይነፋበታል። ረዳቱ ሲቸኩል ባለሙያው በእጁ ያስቆመዋል፤ ውሃው መርጋት አለበት። በቱቦዎቹ መካከል ባሉት ሽንሽኖች ውስጥ የተያዘ አየር መጀመሪያ ይወጣልና እሱን ከእውነተኛ ፍሳሽ መለየት ያስፈልጋል። አንዲት አረፋ ከአንድ ቦታ ደግማ ከወጣች ቦታዋ ይታወቃል፤ ሥራው ይደገማል። አረፋ ሲጠፋም አልጨረሰም። የቀረው አሲድ ናሱን ውሎ አድሮ ስለሚበላ በብዙ ውሃ ያጥበዋል፤ የተኛውን የመዳብ ሽንሽን በስስ ቢላ ጫፍ አንድ በአንድ ያቃናል። የእርሳሱና የአሲዱ ትነት ጤናን የሚጎዳ በመሆኑ ይህ ሁሉ በር ተከፍቶ፣ አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ መሠራት ያለበት ሥራ ነው።

ከዚህ በኋላ ያሉት ሥራዎች በሌሎች እጆች ያልፋሉ። አንዱ የቬንትሌተሩ ክብ ከለላ ነው። ብዙ አሮጌ መኪና ላይ ይህ ከለላ ለጥገና ተነስቶ በዚያው ቀርቷል። ያለ እሱ ቬንትሌተሩ ከክንፎቹ ጫፍ ላይ ከኋላው ያለውን የሞቀ አየር እየሳበ መልሶ ያዞረዋል፤ የሚስበውም ከራዲያተሩ መሀል ብቻ ሲሆን ማዕዘኖቹ ሥራ ፈት ይሆናሉ። ጥሩ የላሜራ ባለሙያ ከለላውን ከቆርቆሮ አጥፎ ሲሠራ ሁለት ነገር ይጠብቃል። በክንፉ ጫፍና በከለላው መካከል ያለው ክፍተት በዙሪያው እኩል፣ 2 ሴንቲሜትር ገደማ እንዲሆን፤ የክንፎቹ ወርድ ደግሞ ግማሹ ከለላው ውስጥ፣ ግማሹ ውጪ እንዲቆም። ሞተሩ በጎማ መሠረቱ ላይ እንደሚወዛወዝ ስለሚያውቅ ክፍተቱን ከዚያ በላይ አያጠብም። ይህ ተራ ቆርቆሮ በልኩ ሲቀመጥ ያው ቬንትሌተር፣ በዚያው ዙር፣ ከራዲያተሩ ሙሉ ገጽ አየር ይስባል። ቬንትሌተሩንና የውሃውን ፓምፕ የሚያዞረው ቺንጋም ልክ አለው፤ በአውራ ጣት ሲጫን 1 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ መርገብ አለበት። የላላ ቺንጋ ዳገት ላይ ይንሸራተትና ውሃውንም ነፋሱንም ባንድ ጊዜ ያዳክማል።

ሌላው ማንም ከቁብ የማይቆጥረው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ደጋ ላይ ባቄላ ለመብሰል የሚዘገየው ውሃው ሳይበቃው ቶሎ ስለሚፈላ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ፣ ጣርማ በር ላይ ደግሞ በ90 ዲግሪ ግድም ይፈላል። የናፍጣ ሞተር ግን ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ባለው መካከል ነው በደንብ የሚሠራው። ክዳኑ የላላ ወይም ጎማው የተበላ ከሆነ ሞተሩ ሳይግል ውሃው መፍላት ይጀምራል። ግማሽ ባር የሚይዝ ጤነኛ ክዳን የአዲስ አበባን መፍያ ወደ 106 ዲግሪ ያነሳዋል። አሥራ አራት ዲግሪ ዕድል ማለት ነው፤ ያገኘነው ከአንዲት ሞላና ከአንዲት የጎማ ቀለበት ነው። በጨርቅ ታስሮ ወይም በማይመጥን ክዳን ተዘግቶ ዳገት የሚወጣ መኪና ይህን ዕድል መንገድ ላይ እየደፋ ነው።

ቴርሞስታቱም እንዲሁ ይበደላል። ሞቀብኝ ያለ ሾፌር መጀመሪያ የሚያስወጣው እሱን ነው። ነገር ግን በብዙ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውን በር ከመክፈቱ ጋር ውሃው በአቋራጭ ወደ ሞተሩ የሚመለስበትን ቀዳዳ ይዘጋል። ሲወጣ አቋራጩ ክፍት ይቀርና ከሙቅ ውሃው ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ ይመለሳል። የተጠነቀቀ መካኒክ ቴርሞስታቱን ከመጣሉ በፊት በድስት ውሃ ውስጥ ከቴርሞሜትር ጋር ያንጠለጥለዋል፤ በተጻፈበት ዲግሪ መከፈት መጀመሩንና ሙሉ በሙሉ መከፈቱን አይቶ ይፈርዳል።

ስለ ውሃው ራሱ ጥቂት ልበል። ጀሪካን ይዞ ከወንዝ መቅዳት የበረሃ መንገድ ግዴታ ነው፤ ያንን የሚያስቀር የለም። ከጉዞ በኋላ ግን ውሃው ወጥቶ በተጣራ ውሃና በዝገት መከላከያ ፈሳሽ መተካት አለበት። ፈሳሹ ኖራውንና ዝገቱን ይከላከላል። ሲሊንደራቸው በቀጥታ በውሃ በተከበበ ሞተሮች ላይ ደግሞ ሌላ ጠባቂነት አለው፤ የሲሊንደሩ ግድግዳ በቃጠሎው ሲንቀጠቀጥ ውጭው ላይ ጥቃቅን አረፋዎች ይፈጠራሉ፣ ሲፈነዱም ብረቱን በመርፌ እንደተወጋ ይበሱታል። ፈሳሹ በብረቱ ላይ የሚያለብሰው ስስ ሽፋን ይህን ይገታል።

ከውሃው መንገድ ውጪ ደግሞ ሙቀቱ የሚወለድበት ቦታ አለ። የናፍጣ ፖምፓ ባለሙያ ጉልበት ጨምርልኝ የሚል ሾፌር ሲመጣ ናፍጣውን ከፍ ማድረግ ይችላል። ሞተሩ ለአጭር ጊዜ ይጠነክራል፤ አየሩ ስለማይበቃው ግን ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ጭስ ማውጫው ይግላል፣ ፒስተኑና ቴስታታው ይጋያሉ። የሚከበረው የፖምፓ ባለሙያ ለስድስቱም ሲሊንደር ናፍጣውን እኩል የሚያካፍል፣ የኖዝሉን ርጭት እንደ ጉም ደቃቅ እስኪሆን የሚያስተካክል፣ ለደጋ መስመር የሚሠራውን መኪና በልኩ የሚቀንስ ነው። ሾፌሩ መጀመሪያ ጉልበት እንደጎደለው ያማርራል፤ ኋላ ግን የሙቀት መለኪያው ቀስት ዳገቱ አናት ላይ የት እንደቆመ ሲያይ ይገባዋል።

የመጨረሻው እጅ፣ ይልቁንም እግር፣ የሾፌሩ ነው። የቬንትሌተሩና የውሃው ፓምፕ ፍጥነት ከሞተሩ ዙር ጋር የተያያዘ ነው። በትልቅ ማርሽ ሞተሩን አፍኖ የሚወጣ ሾፌር ሙቀቱን አብዝቶ ነፋሱንና ውሃውን ይቀንሳል። አዋቂ ሾፌር ዳገቱ ሳይጀምር ማርሹን ይቀንሳል፤ ሞተሩ በምቾት እንዲዞር እየተወ፣ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ሳይረግጥ ይወጣል። አፋፉ ላይ ሲደርስም ሞተሩን ወዲያው አያጠፋም፤ ብረቱ ውስጥ የታመቀው ሙቀት እንዲወጣ ለጥቂት ደቂቃ በዝግታ ያዞረዋል። የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አይከልስም፤ ቴስታታ የሚሰነጠቀው በዚህ ነውና። የሞቀ ክዳንም አይከፍትም፤ የሚወጣው እንፋሎት ፊት ያቃጥላል።

እነዚህን ሥራዎች አንድ የሚያደርጋቸው ሲሳኩ ምንም አለመታየታቸው ነው። አናጢ ያማረ በር ያሳያል፤ ራዲያተር ሠሪው የሚያሳየው ያልተፈጠረ ችግር ነው። በዚህ ምክንያት ዋጋቸው ይወርዳል። ባለ መኪናው መቶ ቱቦ በዘንግ የጸዳበትንና ከላይ በእርሳስ ብቻ የተደፈነበትን ራዲያተር ሲረከብ ሁለቱም ቀለም ተቀብተው አንድ ይመስሉታል፤ ርካሹን ይመርጣል። ልዩነቱ የሚገለጠው ዓባይ በረሃ ውስጥ፣ ጥላ በሌለበት መታጠፊያ ላይ ነው።

አዳዲሶቹ መኪኖች የሚይዙት ራዲያተር ገላው አሉሚኒየም፣ ታንኩ ፕላስቲክ ነው፤ ቀላልና ጥሩ የሚያቀዘቅዝ ሆኖ ሳለ ሲበላሽ በአብዛኛው ይቀየራል እንጂ በዚህ መንገድ አይከፈትም። የናሱ ሙያ ገበያው እየጠበበ እንደሚሄድ ግልጽ ነው። ነገር ግን በየመንገዱ የሚሠሩት አሮጌ መኪኖች፣ ትራክተሮች፣ ጄኔሬተሮችና የውሃ መሳቢያ ሞተሮች ገና ይህን እጅ ይፈልጋሉ። የቴክኒክ ማሠልጠኛዎቻችን የብየዳና የሞተር ትምህርት ሲሰጡ እነዚህን ባለሙያዎች ጋብዘው ቢያስተምሩ፣ የዘንጉ ልክና የስፌቱ ስስነት ከአንድ ትውልድ ጋር አይቀበርም።

ባለ መኪናም የሚያደርገው አለ። ራዲያተር ሲያሠራ ታንኩ ተመልሶ ከመበየዱ በፊት ይሂድና ይቁም። የቱቦዎቹን አፎች በባትሪ መብራት ይይ፤ ውሃ ከላይ ሲፈስ ከሥር ሁሉም እኩል እንደሚለቁ ይመልከት፤ ስንት ቱቦ እንደተደፈነ ይጠይቅ። ጥሩ ባለሙያ በዚህ ጥያቄ አይከፋም፤ ሥራውን የሚያይለት ሰው በማግኘቱ ደስ ብሎት ራሱ ጎንበስ ብሎ ያሳየዋል። ያሳየውን ባለሙያ ዋጋ ሳይከራከር ይክፈል።